ፀሐይ የሚሞቁ የባትሪ ድንጋዮች

በደርግ ዘመን በሱዳን ድንበር አቅራቢያ ኮኪት ላይ የኅብረት ሱቅ ሻጭ ነበርሁ። ሱቋ አንዲት ክፍል ናት፤ ግድግዳዋ ጭቃ፣ ጣሪያዋ ቆርቆሮ። ስኳር በመጣ ቀን አገሩ ሁሉ ዘመዴ ይሆናል፤ ሽማግሌው «ልጄ»፣ ሴቱ «እህቴ»፣ መምህሩና ፖሊሱ ሳይቀሩ «እንደምን ዋልሽ» ይሉኛል። ስኳሩ ሲያልቅ ሰላምታውም አብሮ ያልቃል። አልቀየምም ነበር፤ ሰው ነው፣ ምን ያድርግ። ሌላው ሁሉ በጠፋ ጊዜ እንኳ ከመደርደሪያዬ የማይጠፋው የባትሪ ድንጋይ ነበር። እኛ ባትሪ የምንለው የሚበራውን ዕቃ ነው፤ ሆዱ ውስጥ የሚገባውን ድንጋይ እንለዋለን።

ድንጋይ ደከመ ተብሎ አይጣልም። ፀሐይ ላይ ይሰጣል። የቆላ ፀሐይ እንደሆነች ዶሮ ክንፏን ዘርግታ ጥላ ፍለጋ የምትዞርባት ናት፤ ቀኑን ሙሉ ሲግል የዋለ ድንጋይ ማታ ቢያንስ እራት እስኪበላ ያበራል። የሰፈሩ ቤት ሣር ክዳን ስለሆነና ቆርቆሮ ያለው ሱቄ ብቻ ስለነበረ፣ የሰው ሁሉ ድንጋይ የሚሰጠው በእኔ ጣሪያ ላይ ነው። እንዳይለዋወጥ ሁሉም የየራሱን ክር ያስርበታል። ቀይ ክር የመምህሩ፣ ጥቁር ክር የፖሊሱ፤ ጠላ ሻጯ ጎረቤቴ ደግሞ ከነጠላዋ ጥለት እየመዘዘች ሦስት ዓይነት ቀለም ታስርበት ነበር። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ መሰላሉ ሥር ይሰበሰቡና «የእኔ ደህና አድርጎ የሞቀ ነበር፣ ማን ወሰደብኝ» እያሉ ይጨቃጨቃሉ። ዳኛዋ እኔ ነኝ። ስፈርድ አላዳላም፣ ስቆጣም አላዳላም።

ባሌ ጉድጓድ ቆፋሪ ነበር። ከገንዳ ውሃ ከተማ እስከ ድንበሩ ድረስ ሰው የሚጠጣውን ውሃ ያወጣ እሱ ነው ቢባል ብዙ ውሸት የለበትም። በእኛ ግቢ ግን ጉድጓድ አልነበረም። የቆፋሪ ሚስት ሆኜ እንስራዬን ተሸክሜ የምሄደው ሰው ቤት ነው። ጎረቤቶቼ «ባልሽ ለእኛ ቆፍሮ አንችን ረሳሽ» ሲሉ እስቅ ነበር፤ ቤት ስገባ ግን ሳቁን ትቼ እሱን እይዘዋለሁ። ሁልጊዜ መልሱ አንድ ነው፦ «የራስ ቤት የት ይሄዳል?»

የራስ ቤት የትም አልሄደም። የሄደው ዓይኑ ነው። ሰሊጥ በሚታጨድበት ወራት ጎንደር ወጥቶ ለሐኪም ታይቶ ተመለሰ፤ እራቱን በልቶ እጁን ከታጠበ በኋላ ነገረኝ። «የዓይንህ ጅማት ነው የሚደክመው፣ የሄደው አይመለስም አሉኝ። የቀረውን ለማቆየት ጠብታ ሰጡኝ።» ጠብታውን አሳየኝ። ከዚያ ምንም ሳይጨምር «የእኛን ጉድጓድ ዘንድሮ እቆፍራለሁ» አለ።

ምን እንደተሰማኝ ልናገር፦ ፈራሁ። ጉድጓድ ዓይን ያለውንም ይበላል። ገመድ ይበጠሳል፣ ድንጋይ ይወድቃል፣ ባልዲ ያመልጣል። እኔ ውሃ በእንስራ መሸከም ለምጃለሁ፤ እሱን ከጉድጓድ ማጣት ግን አልለምድም። ይህንኑ ነገርሁት። ተጨቃጨቅን፣ ተኳረፍን፣ ደግሞ ታረቅን። በመጨረሻ የተስማማነው እንዲህ ነው፦ ይህ ጉድጓድ የመጨረሻው ይሆናል፤ ክረምት ሳይገባም ያልቃል፣ ምክንያቱም ዝናብ ሲጥል ዋልካው አፈር ያብጥና ግድግዳው ይናዳል፤ እኔም ሱቁን ዘግቼ እሱ ታች እስካለ ድረስ ከአፋፉ አልነሣም።

ሱቁ የሚከፈተው ጠዋት ጠዋት ስለነበረ ይህ አላስቸገረንም። እሱ የሚቆፍረው ከቀትር ጀምሮ ነው። ሌላው ሰው ጥላ ሥር በሚጋደምበት ሰዓት መቆፈሩ ለማያውቅ እብደት ይመስላል፤ ቆላ ላይ ግን በቀትር የሚቀዘቅዝ ቦታ ቢኖር ጉድጓድ ውስጥ ነው። እሱ ታች በልብሱ ላይ ልብስ ደርቦ ይሠራል፣ እኔና ሁለቱ ገመድ ሳቢዎች ላይ እንቀልጣለን። ገመድ ሳቢዎቹ ለሰሊጥ አጨዳ ከደጋ የወረዱ የቀን ሠራተኞች ነበሩ፤ ሳሉግ እንላቸዋለን። አንደኛው ከወሎ የመጣ ዝምተኛ ነው። ሌላው ጎጃሜ ነው፤ የወሎየውንም ድርሻ ጨምሮ ያወራል።

መጀመሪያ ላይ ብርሃን የምናወርድለት በመስታወት ነበር። የቆፋሪዎች ደንብ ነው፤ አንድ ሰው ፀሐይዋን በመስታወት ይቀበልና ወደታች ይመልሳታል። ጎጃሜው መስታወቱን እንደ ታቦት አክብሮ ይይዘው ነበር። ጉድጓዱ እየጠለቀ ሲሄድ ግን ባሌ «ዓይኔን ይወጋኛል፣ ተውልኝ» አለ። ተውንለት። ከዚያ በኋላ ወደታች ስመለከት የማየው ጥቁር ብቻ ሆነ። መዶሻው ሲመታ እሰማለሁ፤ መዶሻው ዝም ሲል እኔ እጮሃለሁ። «አለሁ» ይላል። ደግሞ ዝም ሲል ደግሞ እጮሃለሁ። ጎጃሜው «እትየ፣ እንዲህ ከሆነስ እርሰዎም አብረው ቢወርዱ ይሻላል» አለኝ።

በዐቢይ ጾም አጋማሽ ላይ ይመስለኛል፣ ባሌ «መተማ እንሂድ፣ ግንባር ላይ የሚታሰር ባትሪ መጥቷል አሉ» አለኝ። የሱዳን ነጋዴዎች፣ ጀላባ የምንላቸው፣ ድንበሩን ተሻግረው የማያመጡት ነገር አልነበረም። በጭነት መኪና ላይ ተሳፍረን ሄድን። ጀላባው ምንጣፉን ዘርግቶ፣ ባትሪውን በራሱ ግንባር ላይ አስሮ ተቀምጧል። ባሌ ባትሪውን ወዲያው ወደደው። ጭንቅ የሆነው የድንጋዩ ምርጫ ነው።

ሦስት ዓይነት ነበር። አንደኛው ወረቀት የለበሰው ነው፤ ርካሽ ነው፣ ግን ሲያረጅ ማር የመሰለ ነገር ያለቅሳል፣ ያለቀሰበትንም ዕቃ ይበላል። ሁለተኛው ቆርቆሮ የለበሰው፣ ከበድ ያለው ነው። ሦስተኛው በመልኩ ከሁለተኛው ብዙም አይለይም፤ ጀላባው ግን ያንን ሲያነሣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ነው የሚያነሣው። በተሰባበረ አማርኛ አስረዳን። ይህ ሲያልቅ አይሞትም፣ እንደገና ይሞላል፤ ብዙ ጊዜ ይሞላል። የሚሞላበትም ሳጥን ይኸውና። ሳጥኑ ቀይና ጥቁር ሽቦ ወጥቶለታል። ሽቦው ከመኪና ባትሪ ጋር ይታሰራል። «ኸላስ፣ ተማም» አለ በዐረብኛው፣ ሁሉም ነገር ያለቀና የተሟላ ይመስል።

ባሌ ድንጋይ መምረጥ ያውቅበታል። በእጁ ይመዝናል፣ ቂጡን በአውራ ጣቱ ተጭኖ መለስለሱን ያያል፣ ሁለቱን አጋጭቶ ድምፁን ይሰማል፣ ያሸታል። ያን ቀን ግን ይህ ሁሉ አልበቃውም። የጀላባውን ብርድ ልብስ ተዋሰና «ነይ፣ ይህን ተከናንበሽ በጨለማው እዪልኝ» አለኝ። በመተማ ሙቀት ብርድ ልብስ ተከናነብሁ። ባትሪውን ይዤ፣ አንዱን ድንጋይ አግብቼ አውጥቼ፣ ሌላውን አግብቼ አውጥቼ፣ ከላይ እየጠየቀ ከታች እየመለስሁ። «የትኛው ነው የሚያበራ?» «የመጨረሻው።» «እርግጠኛ ነሽ? ደግመሽ እዪ።» ስወጣ እንደ ተቀቀለ ድንች ሆኜ ነበር። ገበያተኛው ከብቦ ይስቃል። እኔም ተናድጄ ሳቅሁ። ራሱ ለምን እንደማያይ አልጠየቅሁትም፤ የዓይኑን ነገር በገበያ መካከል ማንሣት አልፈለግሁም።

የሚሞላውን መረጠ። ሳጥኑን ግን እንቢ አለ።

«ሳጥኑስ?» አልሁት።

«ሳጥን ምን ያደርጋል?» አለ በጆሮዬ፣ ጀላባው እንዳይሰማ። «የማይሞላው ድንጋይ እንኳ በእኛ ፀሐይ ይህን ያህል ከሞላ፣ ለመሞላት ብለው የሠሩት እንዴት ሊሆን ነው? ሳጥን የሚገዛ ፀሐይ የሌለው አገር ሰው ነው። ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት አሉ፤ እኔን በሳጥን ሊጥለኝ ነው።»

ነገሩ ልክ መሰለኝ። በዚያ አገር ለኖረ ሰው ልክ ነው የሚመስለው። ጀላባው ሳጥኑን እያነሣ ሲለምነን እኛ ራሳችንን እየነቀነቅን ሄድን። ኬላው ላይ ፈታሾቹ እንዳይወርሱት ባሌ ባትሪውን ግንባሩ ላይ አስሮ በነጠላ ጠመጠመበት። ፈታሹ «ራስዎን ምን ሆኑ?» ቢለው «አናቴን ፈለጠኝ» ብሎ ዓይኑን ጨፈነ። ግንባሩ ላይ የወጣውን ጉብታ እያዩ «ፈጣሪ ይማርዎ» ብለው አሳለፉን። መኪናው ላይ ወጥተን እስክንርቅ ድረስ ሳቄን በጥርሴ ነክሼ ይዤው ነበር።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት መልካም ነበሩ። ባትሪውን አስሮ ሲወርድ ከአፋፉ ሆኜ ራሱን አየዋለሁ፣ ትከሻውን አየዋለሁ፣ ልቤ ይረጋል። ሲወጣ የመጀመሪያ ጥያቄው ሁልጊዜ «እንዴት ነበር ብርሃኑ?» ነው። እኛም «ደህና ነው» እንለዋለን። ይህን የሚጠይቀው የራሱን ዓይን ከእኛ ዓይን ጋር ሊያመዛዝን መስሎኝ ነበር፤ እኛ ደህና ስንል እሱ ያላየ እንደሆነ ድካሙ የት እንደደረሰ ሊያውቅ።

ከዚያ ድንጋዮቹ ደከሙ። ባሌም ነጭ ክር አስሮ ከሱቁ ጣሪያ ላይ ከቆርቆሮው መሐል፣ ከሁሉ በላይ በሚግልበት ቦታ ሰጣቸው። የሱዳን ድንጋይ ለማየት ሰው ሁሉ መሰላል ወጣ። መምህሩ «አሁን ሲሞሉ የእኛን ቀበሌ በሙሉ ያበራሉ» አለ። በማግሥቱ ሲገቡ ብርሃናቸው የጠዋት ጨረቃ ነበር። ሌላ ቀን ሰጣቸው፤ ከዚያም ባሰ። ጠላ ሻጯ በጥለቷ ያሰረችው አሮጌ ድንጋይ ከእነሱ የተሻለ ያበራል። ባሌ ግን የሚበገር ሰው አይደለም። ቦታ ቀየረላቸው። ገለበጣቸው። አንድ ቀን አመድ ነስንሶባቸው አየሁት። በመጨረሻ ጣሪያው ሥር ቆሞ ሽቅብ እያየ «ዘንድሮ ፀሐይዋ ጉልበት የላትም» አለ።

ሚያዝያ ነው። ጎጃሜው ላቡን በመዳፉ ጠረገና «አያ፣ ለፀሐይዋስ ጉልበት አልጎደላትም፣ ግማሹን ለእኔ ሰጥታኝ ነው እንጅ» አለ። ወሎየው እንኳ ሳቀ።

እኔ ግን ከዚያ በኋላ መሳቅ አቆምሁ። ወደታች ሳይ የማየው ፍም የምታህል ነጥብ ብቻ ነው። «የዛሬን ተወው» ስለው ጆሮ ዳባ ልበስ ይላል። ባልዲው የሚያወጣው አፈር መራስ ጀምሮ ነበርና ልቡ ውሃው ላይ ነው። ሰኔም እየቀረበ ነው። አንድ ቀን ሳሉጎቹ ባዶውን ባልዲ «ባልዲ!» ብለው ጠርተው አወረዱ፤ እሱም «እሺ» ብሎ ጥጉን ያዘ። ግን የያዘው ጥግ ባልዲው የሚወርድበት ጥግ ነበር። ድምፁን ሰማሁት። ሲወጣ ትከሻው ላይ ቆዳው ተልጧል። «ምንም አይደለም፣ ጫረኝ» አለ። ጎጃሜው ፊቱ አመድ መስሎ «የት እንዳሉ አላየናቸውም፣ እትየ፤ ጥቁር ነው እኮ» አለኝ። የተቆጣሁት በማን እንደሆነ አላውቅም፤ ግን ያን ቀን ከቁጣዬ የቀረ ሰው የለም።

በማግሥቱ ሱቁን አልከፈትሁም። ድንጋዮቹን ከጣሪያ አውርጄ በመሐረብ ቋጥሬ ወደ መንግሥት እርሻው ጋራዥ ሄድሁ። ትራክተር የሚጠግን አንድ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ እዚያ አለ፤ ስኳር ሲመጣ «እህቴ» ከሚሉኝ አንዱ ነው። ቋጠሮውን ፈታሁለት። ድንጋዮቹን አገላብጦ አያቸው፣ ነጩን ክር አየ።

«ፀሐይ ላይ ሰጥታችኋቸው ነበር?» አለኝ።

«አዎ።»

«ስንት ቀን?»

«ፀሐይዋ ጉልበት አጣች እስክንል ድረስ።»

ቁጭ ብሎ ሳቀ፤ ዘይት የነካ እጁን ፊቱ ላይ አድርጎ ሳቀ። ከዚያ ግን ተነሣና ነገሩን በደንብ አስረዳኝ። ተራው ድንጋይ በፀሐይ ሲሞቅ ውስጡ የቀረችው ትንሽ ጉልበት ነው የምትነቃው፤ አዲስ ጉልበት አይገባበትም። ይህኛው ግን የሚሞላው በኤሌክትሪክ ብቻ ነው፤ ሙቀትማ ይልቁን ያደክመዋል። ሳጥኑን ባለመግዛታችን አልነቀፈንም፤ «እኔም እዚህ አድጌ ቢሆን ኖሮ አልገዛም ነበር» አለ። የሽቦ ቁራጭ ፈልጎ ከትራክተር ባትሪ ጋር አገናኛቸው፤ እንዳይቃጠሉም በመካከል ትንሽ አምፖል አስገባ። «እዚህ ይደሩና ጠዋት ትወስጃቸዋለሽ» አለኝ። አምፖሏ ደብዝዛ በርታ ሳይ ደስ አለኝ። በጣም ደስ አለኝ።

ለባሌ ስነግረው አገጩን ያዘ። «ጀላባው አላታለለኝም ማለት ነዋ» አለ።

«አላታለለህም። ሳጥኑን ግዛ እያለ ሲለምንህ ነበር።»

«ታዲያ ጮክ ብሎ አይለምንም?»

ድንጋዮቹ ተሞልተው መጡ። ቀትር ላይ ባትሪውን አስሮ ወረደ። ብርሃኑን እንዴት ብየ ልንገር፤ ታች የጥድ ችቦ የተለኮሰ መሰለ። እርጥቡ ግድግዳ ሲያብለጨልጭ አየሁ። የባሌን ሽበት አየሁ፣ የሸሚዙን ቅድ አየሁ፣ ትከሻው ላይ ያሰርሁለትን ጨርቅ አየሁ። ጎጃሜው «አሁንስ ቁንጫም ብትኖር ትታያለች» አለ። ያ ሁሉ ስጋቴ ለቆኝ አፋፉ ላይ እግሬን አንጥፌ ተቀመጥሁና ሥራውን ማየት ጀመርሁ።

ጥቂት ካየሁ በኋላ ነው የገባኝ። ብርሃኑ ያለው በስተቀኙ ግድግዳ ላይ ነው፤ እጁ የሚሠራው በስተግራው ነው። አለቱን በመዳፉ ይዳብሳል፣ ስንጥቁን በጣቱ ይፈልጋል፣ ድጅኖውን እዚያው ይተክላል፣ ይመታል። ራሱ ወደዚያ ዞር አይልም። ባትሪው ግንባሩ ላይ እንደ ፋሲካ ሻማ ይበራል፣ እሱ ግን ከነጭራሹ አይጠቀምበትም። ባልዲውን ሲሞላ አየሁት፤ ዓይኖቹ ተጨፍነው ነበር።

እህል ሊቀምስ ወጣ። ሳሉጎቹ ጥላ ሥር እስኪሄዱ ጠበቅሁ። እንጀራውን በላ፣ ውሃውን በጣሳ ሰጠሁት።

«አንተ ሰውየ፣» አልሁት፣ «ድንጋዩን ሳታየው ነው እኮ የምትፈልጠው።»

ውሃውን ጠጥቶ ጨረሰና ጣሳውን መሬት ላይ አኖረ። «መቼ አወቅሽ?»

«ዛሬ። ብርሃኑ ወዲያ፣ እጅህ ወዲህ።»

«ቆይቷል» አለ። «እዚህ ላይ በፀሐዩ ሰው ከሰው እለያለሁ። ታች ግን ከጾሙ መግቢያ ጀምሮ ብርሃን ኖረ አልኖረ ለእኔ አንድ ነው። አለቱን በእጄ ነው የማውቀው። ደግሞ ይሻላል፤ ዓይን ያታልላል፣ እጅ አያታልልም።»

«ታዲያ ይኸ ሁሉ ምንድን ነው?» አልሁ። ድምፄ ከፍ ማለቱ ተሰማኝ። «መተማ ድረስ መሄዱ፣ ድንጋይ ስትመርጥ መዋልህ፣ እኔን በብርድ ልብስ መቀቀልህ፣ ጣሪያ ላይ አመድ መነስነስህ ለምንድን ነው?»

«ለአንች ነው እንጅ» አለ፣ የማይጠየቅ ነገር እንደጠየቅሁት ሁሉ። «መስታወቱን ያስተውሁ ጊዜ ድምፅሽ ተለወጠብኝ። ከላይ ስትጠሪኝ የአንች ድምፅ አይመስልም። ያን ድምፅ ስሰማ እጄ ይንቀጠቀጣል፤ እጄ ከተንቀጠቀጠ ደግሞ ሌላ ምን አለኝ? ስታይኝ ግን ትሰድቢኛለሽ። ስትሰድቢኝ ደህና እሠራለሁ።»

ስንት ጊዜ «እንዴት ነበር ብርሃኑ?» ብሎ እንደጠየቀን አሰብሁ። የጠየቀው የእኛን ዓይን እንጅ የራሱን አልነበረም። ተናድጃለሁ፤ ይህን ያህል ጊዜ ደብቆኛልና። ግን ከንዴቱ ጋር ሌላ ነገር መጣብኝ፣ ፊቴን ወደ ሱቁ ጣሪያ አዞርሁ። እዚያ ላይ የሰው ሁሉ ድንጋይ በየክሩ ፀሐይ ይሞቃል። ባሌ እጁን ልኮ ጉልበቴን እስኪያገኝ ድረስ ዳበሰ፣ አገኘውና እዚያው አኖረው።

አትውረድ ማለት እችል ነበር። የተስማማነው ዓይን ያለው ሰው እንዲወርድ ነው እንጅ እንዲህ አልነበረም። ግን ከቀትር ጀምሮ ያየሁት ሰው ፍርሃት የለበትም። መዳፉ አለቱ ላይ ሲሄድ ቤቱ ውስጥ የሚመላለስ ሰው ነው የሚመስለው። የሚያስፈራው ነገር ከላይ የሚመጣው ነበር፤ ገመዱ፣ ባልዲው፣ እኛ። እኛ ደግሞ አሁን እናያለን። ስለዚህ ተነሣሁና ባትሪውን ራሴ ግንባሩ ላይ አሰርሁለት፣ ማሰሪያውንም ጠበቅ አደረግሁት። «አመመኝ» አለ። «ይመምህ» አልሁት።

ውሃው የመጣው ከጥቂት ቀናት በኋላ ነው። ጎጃሜው እየዘለለ ሰፈሩን ጠራ፣ ጠላ ሻጯ እልል አለች፣ እኔ እንስራዬን በገዛ ግቢዬ ሞላሁ። ባሌም እንዳለው ሌላ ጉድጓድ አልቆፈረም፤ የሌሎችን ቆፋሪዎች አፋፍ እየዞረ ሲያዝዝ ዕድሜውን ጨረሰ። ስለዚያ ጉድጓድ ሳስብ ግን ትዝ የሚለኝ ውሃው የወጣበት ቀን አይደለም። ባትሪውን ያሰርሁለትን ያን ከሰዓት ነው የማስታውሰው።

ገመዱን ይዞ ወረደ። ሳሉጎቹ ቀስ እያሉ ለቀቁለት። ታች ሲደርስ ገመዱ ላላ፤ ከዚያ መዶሻው ይመታል ብየ ስጠብቅ አልመታም። አጎንብሼ ተመለከትሁ። ባሌ መሐል ላይ ቆሞ ፊቱን ወደላይ ቀና አድርጓል።

«ታየሁሽ?» አለ።

ከዚያ በፊት እንዲህ ብሎኝ አያውቅም። ብርሃኑ ሽቅብ መጥቶ ዓይኔ ውስጥ ገባ። ሽበቱም፣ ሸሚዙም፣ ትከሻውም፣ ምንም አልታየኝም።

«አየሁህ፣» አልሁት፤ «ተገትረህ ከምትቀር ሥራህን ሥራ።»